የሰው ሠራሽ አስተውሎት ጥቅምና የአካባቢ ዋጋው፦ ከኤደን እስከ ህዳሴ ግድብ

ሰው ሠራሽ አስተውሎት በአካባቢ ላይ የሚያስከትለው ጫና ከሚያስገኘው ጥቅም ጋር ሲመዘን የትኛው ያመዝናል የሚለው ጥያቄ በዓለም ዙሪያ እያከራከረ ይገኛል። ጥያቄው በአንድ ቁጥር የሚመለስ አይደለም። ዋጋው የሚከፈልበት ቦታና ጥቅሙ የሚደርስበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የተለያዩ በመሆናቸው፣ ኤሌክትሪክ በተትረፈረፈበት ሀገርና መብራት በፈረቃ በሚደርስበት ከተማ ሚዛኑ እኩል አይሆንም።

የየመኗ የወደብ ከተማ ኤደን ለዚህ ማሳያ ናት። በከተማዋ ምዕራብ፣ በቡረይቃ ወረዳ የሚገኘው የሰላሕ አድ-ዲን አካባቢ ነዋሪ ስለ ኤሌክትሪክ ሲያስብ የሚያስበው ስለ ክፍያው ብቻ አይደለም፤ ስለ መኖር አለመኖሩም ነው። በዚያው ወረዳ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ የጀመረ ትልቅ የነዳጅ ማጣሪያ ቢኖርም፣ ኤደን ባለፉት ዓመታት በነዳጅ እጥረት ምክንያት በሞቃቱ ወራት የመብራት መቋረጥ በቀን እስከ 20 ሰዓት የሚደርስበት ጊዜ አሳልፋለች። የአየሩ ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚጠጋበት ወቅት ይህ የምቾት ጉዳይ ሳይሆን የጤና ጉዳይ ነው። የምግብ ማቀዝቀዣ፣ የውኃ ፓምፕና የሆስፒታል መሣሪያ ሁሉ በዚያው መስመር ላይ የተንጠለጠሉ ናቸውና።

ይሁንና በዚህችው ከተማ የሚኖር የእጅ ስልክ ያለው ሰው፣ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞችን ጨምሮ፣ ከዐረብኛ ወደ አማርኛ ለማስተርጎም፣ ደብዳቤ ለማርቀቅ ወይም ስለ አንድ መድኃኒት ለመረዳት ሰው ሠራሽ አስተውሎትን መጠቀም ይችላል። መልሱ የሚዘጋጀው በሌላ ሀገር በሚገኝ የመረጃ ማዕከል ነው። የኤሌክትሪክና የውኃ ወጪው እዚያ ይቀራል፤ የከባቢ አየር ለውጡ ግን ድንበር አያውቅም። ሚዛኑን አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ወጪው ከየት ይመጣል?

የሰው ሠራሽ አስተውሎት የአካባቢ ወጪ በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው ኤሌክትሪክ ነው። ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ የዓለም የመረጃ ማዕከላት በ2024 የተጠቀሙት ኃይል 415 ቴራ ዋት ሰዓት ገደማ ነበር። ይህም ከዓለም የኤሌክትሪክ ፍጆታ 1.5 በመቶ ያህል ነው። ኤጀንሲው መጠኑ እስከ 2030 ድረስ ከእጥፍ በላይ አድጎ ወደ 945 ቴራ ዋት ሰዓት እንደሚደርስ ተንብዮአል። ለዕድገቱም ዋነኛው ምክንያት ሰው ሠራሽ አስተውሎት መሆኑን አመልክቷል። የመረጃ ማዕከላት ከሰው ሠራሽ አስተውሎት በተጨማሪ የባንክ፣ የቪዲዮና የኢሜይል አገልግሎቶችንም ስለሚሸከሙ፣ ጠቅላላ ቁጥሩ የአንድ ቴክኖሎጂ ብቻ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

ሁለተኛው ውኃ ነው። በመረጃ ማዕከል ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ማሽኖች ያለማቋረጥ ሲሠሩ ከፍተኛ ሙቀት ያመነጫሉ። ብዙ ማዕከላት ይህን ሙቀት የሚያስወግዱት ውኃን በማትነን ነው፤ የተነነው ውኃ ደግሞ ወደ መጣበት ጉድጓድ ወይም ወንዝ ወዲያው አይመለስም። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሪቨርሳይድ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ ጂፒቲ-3 የተባለውን ሞዴል በአሜሪካ በሚገኙ ዘመናዊ ማዕከላት ማሠልጠን 700 ሺህ ሊትር ንጹህ ውኃ ሊያተን እንደሚችል ገምቷል።

ሦስተኛው ዕቃው ራሱ ነው። ልዩ ቺፖችን ለማምረት ማዕድን ይቆፈራል፣ ኃይልና እጅግ የተጣራ ውኃ ይፈጃል፤ ማሽኖቹም በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአዲስ ይተካሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ውዳቂ የተጣለ ሲሆን፣ በአግባቡ ተሰብስቦ እንደገና ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። አብዛኛው ውዳቂ ከስልክ፣ ከቴሌቪዥንና ከቤት ዕቃ የሚመጣ ቢሆንም፣ የመረጃ ማዕከላት መስፋፋት በዚሁ ክምር ላይ የሚጨምር ነው።

አንድ ጥያቄ ትንሽ፣ ድምሩ ትልቅ

ጎግል እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 ባወጣው መረጃ፣ ጄሚናይ ለተባለው አገልግሎቱ በጽሑፍ የሚቀርብ አንድ መካከለኛ ጥያቄ 0.24 ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ፣ 0.26 ሚሊ ሊትር ውኃና 0.03 ግራም የካርቦን ልቀት እንደሚያስከትል ገልጿል። በሌላ አነጋገር 10 ዋት የሆነ አምፖልን ለአንድ ደቂቃ ተኩል ያህል እንደ ማብራት ነው፤ ውኃውም አምስት ጠብታ ገደማ ነው።

ቀደም ሲል የተጠቀሰው የሪቨርሳይድ ጥናት በበኩሉ ጂፒቲ-3 ከ10 እስከ 50 መካከለኛ መልሶችን ሲሰጥ ግማሽ ሊትር ውኃ እንደሚጠቀም አስልቶ ነበር። የሁለቱ ቁጥሮች መራራቅ ምክንያት አለው። የጥናቱ ስሌት ኤሌክትሪኩን ለማመንጨት የሚውለውን ውኃ ይጨምራል፤ የኩባንያው ግን በማዕከሉ ውስጥ ያለውን ብቻ ይቆጥራል። ሞዴሎቹም የተለያየ ዘመን ናቸው። የኩባንያው ስሌት ሞዴሉን ለማሠልጠን የወጣውን ኃይልም አያካትትም። ስለዚህ ስለ «አንድ ጥያቄ ዋጋ» የሚነገር ማንኛውም ቁጥር ምን ምን እንደተቆጠረበት ሳይታወቅ ሊነጻጸር አይችልም።

አንዱ ጥያቄ በሚሊዮኖችና በቢሊዮኖች ሲባዛ ግን መልኩ ይቀየራል። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2023 ያስከተለው ልቀት ከ2019 ጋር ሲነጻጸር በ48 በመቶ መጨመሩን፣ ለዚህም የመረጃ ማዕከላት የኃይል ፍጆታና የአቅርቦት ሰንሰለት ዋነኛ ምክንያት መሆናቸውን ራሱ ይፋ አድርጓል። በአየርላንድ የመረጃ ማዕከላት እ.ኤ.አ. በ2023 በሀገሪቱ በቆጣሪ ከተለካው ኤሌክትሪክ 21 በመቶውን ተጠቅመዋል። ይህም በከተሞች የሚገኙ መኖሪያ ቤቶች በሙሉ ከተጠቀሙት ይበልጣል። የአንድ ጥያቄ ወጪ በቴክኖሎጂ መሻሻል ሲቀንስ የጥያቄው ብዛት ደግሞ ከዚያ በፈጠነ መጠን ሊያድግ ስለሚችል፣ ቁጠባው ብቻውን መፍትሔ አይሆንም።

በኤደን ሚዛን ሲለካ

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 በኤደን በተባበሩት ዐረብ ኤሚሬቶች ድጋፍ የተገነባ 120 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የፀሐይ ኃይል ጣቢያ ተመርቋል። ጣቢያው ፀሐይ ባለበት ሰዓት በከተማዋ ላይ ያለውን ጫና የሚያቃልል ትልቅ እርምጃ ነው። ይህን ጣቢያ እንደ መለኪያ ወስዶ የሰው ሠራሽ አስተውሎትን ፍጆታ ማየት ይቻላል።

ጂፒቲ-3ን ለማሠልጠን 1,287 ሜጋ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ እንደወሰደ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት አስልቷል። የኤደን ጣቢያ ያን ያህል ለማመንጨት በሙሉ አቅሙ ወደ 11 ሰዓት መሥራት ይኖርበታል፤ ፀሐይ በሙሉ ኃይሏ የምትታየው በቀን ለጥቂት ሰዓታት በመሆኑም ይህ የሁለት ቀን ገደማ ምርት ነው። ከዚያ ወዲህ ከመጡት ሞዴሎች አንዳንዶቹ ከጂፒቲ-3 እጅግ የገዘፉ ናቸው። በኢነርጂ ኤጀንሲው ገለጻ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የተዘጋጀ አንድ የተለመደ ማዕከል የ100 ሺህ ቤተሰቦችን ያህል ኤሌክትሪክ ይጠቀማል። እንዲህ ያለ ማዕከል በኤደን ቢተከል የከተማዋን አዲስ የፀሐይ ኃይል በእኩለ ቀን ሊውጠው ይችላል፤ ማታ ደግሞ ሌላ ምንጭ ይፈልጋል።

የውኃውም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። ኤደን የምትጠጣው ከቢር ናስርና ከቢር አሕመድ የመሳሰሉ የጉድጓድ ውኃ መስኮች ነው። የመን በዓለም ከፍተኛ የውኃ እጥረት ካለባቸው ሀገሮች አንዷ ናት። በሰሜን አውሮፓ በቀዝቃዛ አየር ብቻ ሊቀዘቅዝ የሚችል ማሽን እዚህ ወይ ብዙ ውኃ ወይ ብዙ ኤሌክትሪክ ይጠይቃል።

በመሆኑም ለኤደን ነዋሪ አሁን ያለው ሁኔታ፣ ማለትም ከሩቅ ማዕከል አገልግሎቱን ማግኘት፣ የአካባቢውን መብራትና ውኃ የማይሻማ በመሆኑ ይጠቅመዋል። በአንጻሩ አገልግሎቱ በባሕር ሥር በተዘረጉ መስመሮች ላይ ጥገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያና በመስከረም 2025 በቀይ ባሕር የተከሰቱት የኬብል መቆራረጦች በአካባቢው ሀገራት የኢንተርኔት ግንኙነትን አስተጓጉለዋል። ጥቅሙ ከሩቅ የሚመጣ ከሆነ የሚቋረጠውም ከሩቅ ሊሆን ይችላል።

የኢትዮጵያ ትምህርት

ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ጥያቄው በሌላ መልክ ይቀርባል። ኢትዮጵያ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ኤሌክትሪኳን የምታገኘው ከውኃ ኃይል ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከዚህ አኳያ በኢትዮጵያ የሚሠራ የመረጃ ማዕከል የሚያስከትለው የካርቦን ልቀት በከሰል ወይም በናፍጣ ከሚሠራው እጅግ ያነሰ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ንጹህ ኃይል ማለት ገደብ የሌለው ኃይል ማለት አይደለም። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ቢትኮይን ለሚያመርቱ፣ በሀገር ውስጥ «ዳታ ማይኒንግ» በሚል ስም ለሚታወቁ የውጭ ድርጅቶች ኃይል በውጭ ምንዛሪ ሲሸጥ ቆይቷል። ይህ ሥራ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ባይሆንም፣ ብዙ ኮምፒዩተር አሰልፎ ሌት ተቀን ኃይል በመጠቀም ረገድ የቅርብ ዘመዱ ነው። ሽያጩ ለተቋሙ ገቢ አስገኝቷል። ሆኖም የሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ገና ኤሌክትሪክ ባላገኘበት ሀገር፣ ኃይሉ ለፋብሪካ፣ ለገጠር ቀበሌ ወይስ ለማሽን ይሂድ የሚለው ክርክር መነሣቱ አልቀረም። ተቋሙም በ2017 ዓ.ም ከዘርፉ አዲስ የኃይል ጥያቄ እንደማይቀበል አስታውቋል።

ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከል ያቋቋመች ሲሆን፣ ማዕከሉ በኋላ ኢንስቲትዩት ሆኗል። የሚኒስትሮች ምክር ቤትም በሰኔ 2016 ዓ.ም የሰው ሠራሽ አስተውሎት ብሔራዊ ፖሊሲን አጽድቋል። ከዳታ ማይኒንግ የተገኘው ተሞክሮ ለዚህ ዘርፍ የሚያስተምረው፣ ኃይሉን የሚሸጠው አካል ከገቢው ባሻገር በዚያው ኃይል ሌላ ምን ሊሠራ ይችል እንደነበር አስቀድሞ ማስላት እንዳለበት ነው።

የፍጆታውን ልክ ለመረዳት አንድ ንጽጽር ይበቃል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 በአቡ ዳቢ እንደሚገነባ ይፋ የተደረገው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከል በዕቅዱ መሠረት 5 ጊጋ ዋት አቅም ይኖረዋል። ይህ ከህዳሴ ግድብ ሙሉ የማመንጨት አቅም ጋር የሚቀራረብ ነው።

ጥቅሙስ?

በሌላኛው የሚዛን ሳህን ላይ የሚቀመጠውም ቀላል አይደለም። ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው የአየር ሁኔታ ትንበያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ የሆነው ግራፍካስት የተባለ ሞዴል የ10 ቀን የዓለም ትንበያን በአንድ ማሽን ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ማውጣት ችሏል። የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ የአየር ትንበያ ማዕከልም በየካቲት 2025 የራሱን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ትንበያ ወደ መደበኛ ሥራ ያስገባ ሲሆን፣ አንድ ትንበያ ለማውጣት የሚወስደው ኃይል ከነባሩ ዘዴ በ1,000 እጥፍ ያህል ያነሰ መሆኑን ገልጿል። እዚህ ላይ ቴክኖሎጂው ኃይል የሚበላ ብቻ ሳይሆን ኃይል የሚቆጥብም ሆኖ ይታያል። ያም ቢሆን ሞዴሎቹ የሠለጠኑት ነባሩ ዘዴ ለአሥርት ዓመታት ባጠራቀመው መረጃ ላይ ነው፤ አንዱ ያለ ሌላው አይቆምም።

እንዲህ ያለው ትንበያ ለኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2015 ቻፓላና ሜግ የተባሉት አውሎ ነፋሶች በአንድ ሳምንት ልዩነት የየመንን ጠረፍ መትተዋል። ለዓሣ አጥማጅ፣ ለመርከበኛና በጀልባ ለሚጓዝ ስደተኛ የአንድ ቀን ቀድሞ ማወቅ የሕይወትና የሞት ልዩነት ሊሆን ይችላል።

በጎርፍ ትንበያም ተመሳሳይ ውጤት ታይቷል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 በኔቸር መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፣ የውኃ መለኪያ ባልተተከለባቸው ወንዞች ሰው ሠራሽ አስተውሎት አምስት ቀን አስቀድሞ የሚሰጠው ትንበያ ነባሩ ዓለም አቀፍ ሥርዓት ለዕለቱ ከሚሰጠው ጋር የሚስተካከል ወይም የሚሻል ነው። መለኪያ በብዛት ለሌላት አፍሪካ ይህ ትልቅ ዜና ነው። ሆኖም ገደቡንም ማወቅ ያሻል። በሚያዝያ 2020 ኤደንን የመታው ዓይነት፣ ከተራራ በሰዓታት ውስጥ የሚወርድ ድንገተኛ ጎርፍ ከወንዝ ሙላት የተለየ ነው። ለእርሱ የተዘጋ የጎርፍ መውረጃን መጥረግ ከማንኛውም ሞዴል ሊቀድም ይችላል።

ሁሉም ችግር ሰው ሠራሽ አስተውሎትን አይጠይቅም። በኢትዮጵያ የስንዴ ዋግ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት የመስክ ቅኝትን ከነፋስ አቅጣጫና ከአየር ሁኔታ ስሌት ጋር አጣምሮ በሽታው ወዴት ሊዛመት እንደሚችል ለግብርና ባለሙያዎች ያሳውቃል። ይህ ሥርዓት የቆመው በአየር ሁኔታ ስሌትና ማሳ ላይ ወርደው በሚያዩ ሰዎች ላይ ነው። ለሥራው የሚበቃ ቀላል መሣሪያ ካለ፣ ከባዱን መጠቀም ብክነት ነው።

የኢነርጂ ኤጀንሲው ግምት ሁለቱንም ወገን ያሳያል። የመረጃ ማዕከላት በኤሌክትሪክ ፍጆታቸው ምክንያት የሚያስከትሉት ልቀት አሁን ካለበት 180 ሚሊዮን ቶን ገደማ በ2035 ወደ 300 ሚሊዮን ቶን ሊያድግ ይችላል። በአንጻሩ ዛሬ ያሉት የሰው ሠራሽ አስተውሎት መፍትሔዎች በኃይል ማመንጫ፣ በፋብሪካና በትራንስፖርት በስፋት ቢተገበሩ ከኃይል ጋር የተያያዘውን የዓለም ልቀት 5 በመቶ ያህል መቀነስ ይቻላል። ልዩነቱ የመጀመሪያው በራሱ እየመጣ ያለ ሲሆን፣ ሁለተኛው ግን ሰዎች ካልሠሩበት የማይመጣ መሆኑ ነው።

የአማርኛ ተጨማሪ ዋጋ

ለአማርኛ ተናጋሪዎች ሚዛኑ ላይ የሚጨመር ሌላ ክብደት አለ። የቋንቋ ሞዴሎች ጽሑፍን የሚያነቡት «ቶክን» በሚባሉ ቁርጥራጮች ከፋፍለው ነው፤ ቁራጩ በበዛ ቁጥር ስሌቱ፣ ኃይሉና ክፍያው ይጨምራል። አንድ የግዕዝ ፊደል በኮምፒዩተር ውስጥ 3 ባይት ሲይዝ የላቲን ፊደል የሚይዘው 1 ብቻ ነው። «ሰላም» የሚለው ባለ ሦስት ፊደል ቃል 9 ባይት ይሆናል። ብዙ ሞዴሎች የተዘጋጁት በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ በመሆኑ የአማርኛን ቃል እንደ ሙሉ ቃል አያውቁትም፤ ይሰባብሩታል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት አንድ ዓይነት መልእክት በተለያዩ ቋንቋዎች ሲጻፍ የቁርጥራጩ ብዛት እስከ 15 እጥፍ ሊለያይ እንደሚችል አሳይቷል። በዚህም አማርኛን የመሰሉ ቋንቋዎች ተጎጂ ናቸው።

ስለዚህ ተመሳሳዩን ጥያቄ በአማርኛ የሚያቀርብ ሰው ብዙ ጊዜ የበለጠ ኃይል አስወጥቶ ደካማ መልስ ያገኛል። መፍትሔው አማርኛን መተው ሳይሆን ለአማርኛ የሚመጥን መሣሪያ መሥራት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የቀረበው አፍሪበርታ የተባለ ሞዴል አማርኛ፣ ትግርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛን ጨምሮ በ11 የአፍሪካ ቋንቋዎች ከ1 ጊጋ ባይት ባነሰ ጽሑፍ ሠልጥኖ፣ በአንዳንድ ሥራዎች እጅግ በበዛ መረጃ ከሠለጠኑ ሞዴሎች ጋር መፎካከር ችሏል። ትንሽ ሞዴል ለአካባቢም ለቋንቋም ሊበጅ እንደሚችል ይህ ማስረጃ ነው።

እንዴት ይመዘን?

አንድ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራ ዋጋው ይገባዋል ወይ ለማለት አራት ጥያቄዎች ይረዳሉ። ሥራው ቀድሞ በምን ይሠራ ነበር፣ ያስቀረውስ ኃይል ወይም ጉዳት ምን ያህል ነው? ለሥራው የሚበቃ ትንሽ መሣሪያ አለ ወይ? የሚጠቀመው ኤሌክትሪክና ውኃ የማን ነው፣ በየትኛውስ ሰዓት? ጥቅሙ ወጪውን ለሚሸከመው ሕዝብ ይደርሳል ወይ? የአውሎ ነፋስ ትንበያ እነዚህን ጥያቄዎች በቀላሉ ያልፋል። ለመዝናኛ ብቻ ተፈልስፎ ወዲያው የሚረሳ ቪዲዮ ግን ለመጀመሪያው ጥያቄ እንኳ መልስ አይኖረውም፤ ቪዲዮ ማመንጨት ደግሞ ከጽሑፍ መልስ እጅግ የበዛ ኃይል ይወስዳል።

ለተራ ተጠቃሚ ደግሞ ትልቁ ቁጠባ ያለው ከጥያቄው ብዛት ይልቅ በእጁ ካለው ዕቃ ላይ ነው። አንድ ስልክ በዕድሜው ሙሉ ከሚያስከትለው ልቀት አብዛኛው የሚወጣው ሲመረት ነው። አንድን ስልክ ማምረት 50 ኪሎ ግራም ልቀት ቢያስከትል፣ በጎግል ስሌት ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ የጽሑፍ ጥያቄዎች ከሚያስከትሉት ጋር ይስተካከላል። ስልክን ማስጠገን፣ ባትሪን መቀየርና ያረጀውን ለሚሰበስብ አካል መስጠት ጥያቄ ከመቁጠር የበለጠ ያተርፋል።

ትልቁ ውሳኔ ግን በተጠቃሚው እጅ አይደለም። የመረጃ ማዕከል የት ይተከል፣ በምን ኃይል ይሥራ፣ ምን ያህል ውኃ እንደሚጠቀምስ ለሕዝብ ያሳውቅ ወይ የሚለውን የሚወስኑት መንግሥታትና ኩባንያዎች ናቸው። በኤደን መብራት ሲመጣ ፓምፑን አስነሥቶ ውኃ የሚቀዳ ቤተሰብም ሆነ በኢትዮጵያ ገጠር የኤሌክትሪክ መስመር የሚጠብቅ ቀበሌ፣ ያ ውሳኔ ሲወሰን በስሌቱ ውስጥ መግባት ይኖርባቸዋል።